ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ማንነቱን በቀለም የገለጠ ሰው

በክልላችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገጠሮች የተዘዋወረ ሰው ቤት ሲሠራ ሳያይ አይቀርም። በአሶሳ ዙሪያ የበርታ ወገኖቻችን በአካባቢው በብዛት የሚበቅለውን የቆላ ቀርከሃ ሰንጥቀው ግድግዳ ያቆማሉ፤ አጥር ያጥራሉ፤ ክብ ቤታቸውን በሣር ይከድናሉ። በጉሙዝ መንደሮች ደግሞ በቆየው ልማድ መሠረት በጎተራውና በቤቱ ግድግዳ ላይ በጭቃ የሚወጡ ቅርጾች አሉ። ጎተራው እህል ይዞ ቤተሰቡን የሚመግብ ስለሆነ የእናት ጡት ምስል ይደረግበታል። በሸክላው ማሰሮ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብና መስመርም ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ በገላዋ ላይ ካለው ምልክት ጋር ይመሳሰላል። እንግዳ ሰው ይህን ሁሉ ጌጥ ብሎ ያልፈዋል። የመንደሩ ሰው ግን ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ማሰሮውንም የትኛው ወገን እንደሠራው ከምልክቱ ያነበዋል። እንዲህ ያለችው እናት ፊደል ሳትቆጥር ስሟን በቤቷ ላይ ጽፋለች ማለት ነው።

ይህን መሠረታዊ የሰው ልጅ ፍላጎት፣ ማለትም ማንነትን በቀለምና በቅርጽ የመግለጥን ፍላጎት፣ ዕድሜውን ሙሉ የተከተለና ብዙ ዋጋ የከፈለበት አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር። እርሱም ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ያደገባት ከተማ

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ አጸደ ማርያም ይባላሉ። ሕፃኑ ገና ነፍስ ሳያውቅ እናቱን በሞት አጣ። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ደረሰ፤ በመጋቢት ወር 1936 ሐረር በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባ ብዙ ክፍሏ በእሳት ነደደ። እንግዲህ የልጅነት ዘመኑ በሁለት ኀዘን ጥላ ሥር እንዳለፈ መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ የተወለደባት ከተማ ቀለም የሚነግሥባት ከተማ ነበረች። የሐረሪ ቤት ውስጡ ራሱ እንደ ሥዕል ነው። በግንብ ከፍ ከፍ ተደርገው የተሠሩት የመቀመጫ መደቦች እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ደረጃ ተለይተዋል፤ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። የከተማዋ ሰዎች ቀዩ ቀለም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ወገኖቻቸውን ደም ለማስታወስ እንደሆነ ይናገራሉ። በግድግዳው ላይ በእናቶች እጅ የተሰፋው ስፌት፣ ሳሕኑና ገበቴው በሥርዓት ተሰቅሎ ይታያል። የቤቲቱ እመቤት ማን እንደሆነች፣ ምን ያህል ባለሙያ እንደሆነች፣ ከማን ወገን እንደተወለደች ግድግዳው ይመሰክራል።

የአባቱ ሙያም ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የብራና ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ከደረቀም በኋላ ይለሰልሳል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ዕፀዋት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስም ይጠበቃል። ሥዕሉም የራሱ ሕግ አለው። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይናቸው ይሣላሉ፤ ኃጥኣን ግን በጎን ሆነው ባንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም፤ ሥራው ለእግዚአብሔር ክብር የሚቀርብ ነውና። ልጁ ከአባቱ እጅ ቀለምን መውደድ ወረሰ። ስም መሠወሩን ግን አልወረሰም፤ የእርሱ ዘመንና የእርሱ ዕጣ ሌላ መንገድ አስያዙት።

በቆዳው ላይ የወጣው ምልክት

ገብረ ክርስቶስ ለምጽ ነበረበት። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን ይህ ዓይነቱ ለምጽ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕይወትንም አያሳጥርም። ነገር ግን በአገራችን ቋንቋ ለምጽ የሚለው ቃል በኦሪት ዘሌዋውያን ከማኅበር የሚያስወጣው ደዌ መጠሪያም ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል። በዚህም ምክንያት ባለ ለምጹ ምንም ሳይበድል ይሸሻል፤ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ የሚያመነታ ያጋጥመዋል፤ ትዳር ሲያስብ ይከለከላል። በሕዝብ መካከል ሲሄድ ሰው ከስሙና ከሙያው አስቀድሞ የሚያየው ቆዳውን ነው።

ቀለም የሚሣል ሰው የገዛ ቀለሙ ከገላው ሲለየው ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መረዳት አያዳግትም። የገብረ ክርስቶስን ግጥሞች ያነበቡና ሥዕሎቹን ያዩ ሁሉ በብቸኝነትና በናፍቆት የተሞሉ መሆናቸውን ያስተውላሉ። የሌሎች ዓይን አንድ ማንነት ሲጭንበት፣ እርሱ በእጁ ሌላውን እውነተኛ ማንነቱን ለማሳየት ደከመ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ትምህርቱና ወደ ጀርመን ያደረገው ጉዞ

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከተከታተለ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ፤ መንግሥትና ቤተሰብም ከእንደዚህ ያለው ወጣት መሐንዲስነትን፣ ሐኪምነትን ወይም የእርሻ ባለሙያነትን ይጠብቁ ነበር። ሥዕል ሙያ ተብሎ የሚቆጠረው በአመዛኙ ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ ኮሌጁን ተወ። ውሳኔው በጊዜው ለነበሩ ወዳጅ ዘመዶች የሚያስደስት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርሱ ግን የተጠራበትን ዐውቆ ነበር።

በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ፤ እስከ 1961 ድረስም በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የፈረሰች፣ ከፍርስራሽዋም ገና በመነሣት ላይ የነበረች ከተማ ናት። ታላቁ ካቴድራል ግን ቆሞ ነበር፤ በውስጡም በቤተ ክርስቲያን ልማድ የሰብአ ሰገል ዐፅም እንዳለበት የሚታመነው በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ይገኛል። የአውሮፓ ሠዓልያን ከሦስቱ ነገሥታት አንዱን ጥቁር አፍሪቃዊ አድርገው መሣል ከጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የሐረሩ ወጣት ወደዚህች ከተማ የመጣው ግን ሊሣል ሳይሆን ሊሥል ነበር።

በጀርመን ያጋጠመው የሥዕል ፈሊጥ ከአባቱ ሥርዓት በጣም የራቀ ነበር። በዚያ አገር ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የተነሡ ሠዓልያን ዛፉን አረንጓዴ፣ ሰማዩን ሰማያዊ ማድረግ ግዴታ እንዳይደለ፣ ቀለም የልብን ስሜት ለመግለጥ ነጻ መሆን እንዳለበት ያምኑ ነበር። የናዚ መንግሥት በ1937 በሙኒክ ከተማ እነዚህን ሥራዎች ሰብስቦ የወራዶች ጥበብ ብሎ ለመሳለቂያ አሳይቷቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሥዕሎቹ ወደ ክብራቸው ተመለሱ፤ ተማሪዎችም በነጻነት ይመረምሯቸው ጀመር። ገብረ ክርስቶስ ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕረግ ፈጸመ፤ ሥራዎቹንም በኮሎኝ ለሕዝብ አሳየ።

ወደ አገሩ መመለሱና የተነሣው ክርክር

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በ1963 በአዲስ አበባ ያሳየው የሥዕል ዐውደ ርእይ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ተመልካቹ የለመደው ወይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፣ ወይም የዐድዋ ጦርነትና የንጉሥ ግብር የሚታይበት ሥዕል ነው። በገብረ ክርስቶስ ሸራዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ቅርጽ አይገኝም፤ ቀለም ከቀለም ሲጋጭ፣ መስመር ከመስመር ሲሻገር ብቻ ይታያል። አንዳንዶች ይህ የፈረንጅ ጥበብ ነው፣ ኢትዮጵያዊነት የለውም ብለው ነቀፉት። ሌሎች ደግሞ አዲስ በር የከፈተ ብለው አመሰገኑት።

እርሱ በበኩሉ ጥበብ የዓለም ሁሉ እንደሆነችና ሠዓሊ በዘመኑ ያለውን ሁሉ የመማር መብት እንዳለው ያምን ነበር። ነገሩን በጥሞና ስንመለከተው ክርክሩ ከሥዕል በላይ ስለ ማንነት ነበር። ኢትዮጵያዊነት የሚታወቀው በምንድን ነው? በአንበሳና በመስቀል ምስል ብቻ ነውን? ወይስ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በዚያች ምድር አዝኖና ተደስቶ ያደገ ሰው እጁ የነካው ሁሉ የዚያችን ምድር አሻራ ይይዛል? ቀድሞ በቆዳው ምክንያት ማን እንደሆነ የተጠየቀው ሰው፣ አሁን ደግሞ በሥዕሉ ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ተጠየቀ።

ተራውን ነገር ማክበር

ገብረ ክርስቶስ ቅርጽ አልባ ሥዕል ብቻ አልሣለም። በከተማው ጎዳና በየዕለቱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያየውንና ልብ የማይለውን ሕይወት ሥሏል፤ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ፣ ልጇን የታቀፈች እናት፣ ኑሮ ያጎሳቆለው ድኻ በሥራዎቹ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። የሊስትሮ ሣጥን በቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር አልነበረም። ሠዓሊው ግን ዓይኑን በዚያ ላይ አሳረፈ። በሰው ዓይን መገፋትን የሚያውቅ ሰው የተገፉትን ለማየት ይቀርባል።

በዚህ ረገድ ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከቪንሰንት ቫን ጎግ ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ። ቫን ጎግ የቄስ ልጅ ሲሆን በቤልጅግ የከሰል ማዕድን አካባቢ ወንጌል ለማስተማር ሞክሮ በአለቆቹ ዘንድ ተቀባይነት ያጣ ሰው ነበር። በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ ሲኖር የመኝታ ክፍሉን ከነአልጋውና ከነወንበሮቹ ሣለ፤ ያንኑ ዓመት ደግሞ የራሱን ተራ የእንጨት ወንበር ፒፓውንና ትምባሆውን አስቀምጦበት ሣለው። በሥዕሉ ላይ ሰው የለም፤ ሆኖም ያየው ሁሉ ሰውየውን ያገኘዋል። ሁለቱም የካህን ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም የሰው ፊት የነሳቸውን መቀራረብ በዕቃና በቀለም ውስጥ ፈለጉ።

በ1963 የሣለው ጎልጎታ የተባለው ሥዕል በተለይ ሊታወስ ይገባዋል። በአባቱ ብራና ላይ ስቅለት ሲሣል ጌታችን ዓይኖቹ ተለይተው፣ እመቤታችንና ዮሐንስ በቀኝና በግራ ቆመው፣ ሁሉም በየቦታው ይታወቃል። በልጁ ሥዕል ግን የሚገንነው ደምን የሚያስታውሰው ቀይ ቀለም ነው፤ የተሰቀለው አካል በቀለሙ ውስጥ ይቀልጣል። ተመልካቹ ታሪኩን ከማንበብ ይልቅ ሥቃዩ ፊት እንዲቆም ይገደዳል። የሐረር ቤቶች ቀይ መደብ፣ የአባቱ ብራና ቀይ ቀለም፣ በልጅነቱ የነደደችው ከተማ እሳት በዚህ ሥዕል ተገናኝተዋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ፈረንጅኛ ነው የተባለው ሥዕል ሥሩ እስከ ሐረር ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

መምህርና ባለቅኔ

ከውጭ እንደተመለሰ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ ከአገሩ እስኪወጣ ድረስም ብዙ ወጣቶችን አስተማረ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸልሞታል። ጥቂት ቆይቶ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ መጥቶ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የሁለቱ መምህራን ትምህርት ለአንድ ትውልድ ሠዓልያን መነሻ ሆነ።

በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ ከተማሩት መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ይገኝበታል። እርሱ በኋላ የታወቀው ከሸማኔ ዕቃ በሚገኝ የቀርከሃ ስንጣቂ ላይ በሚሥላቸው ሥዕሎች ነው። በአሶሳ አጥርና ግድግዳ የሚሆነው ቀርከሃ በሠዓሊ እጅ ሸራን ተክቶ በዓለም ዐውደ ርእዮች ላይ ሲታይ፣ ተራ የሚባል ነገር በእውነት ተራ አለመሆኑን ያስገነዝበናል።

ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበር። ከግጥሞቹ ሁሉ ይልቅ ሀገሬ የተባለው በብዙ ሰው ቃል የሚነገር ሆኗል። ሥዕሉን የውጭ ነው ብለው የነቀፉት እንኳ በዚያ ግጥም ውስጥ ያለውን የአገር ፍቅር ሊክዱ አልቻሉም። በግጥሙ የቤት መምታትን የቆየ ልማድ እንደፈለገ እያላላ፣ በሥዕሉ እንዳደረገው ሁሉ አዲስ መንገድ ፈለገ።

ስደቱና ዕረፍቱ

በ1974 የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ የአገሪቱ ሁኔታ እየከበደ ሄደ። የሥነ ጥበብ ሰዎች የአብዮቱን ዓላማ የሚያገለግል፣ ሰልፍና መዶሻ የሚታይበት ሥዕል እንዲሠሩ ይጠበቅ ጀመር። የራሱን የውስጥ ዓለም የሚሥል ሰው በእንደዚህ ያለው ዘመን ቦታው ይጠብበታል። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መገባደጃ አገሩን ለቅቆ ወደ ኬንያ ተሰደደ፤ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም ከማንም ርቆ በኦክላሆማ ግዛት በሎውተን ከተማ በ1981 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ስለ አገሩ ያን ያህል የተቀኘ ሰው የአገሩን አፈር ሳያገኝ ቀረ።

ሥራዎቹ ግን ተመለሱ። ግጥሞቹ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በ2006 ታትመው ወጡ። በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ተሰይሞ ተከፈተ፤ በጀርመን አገር ቆይተው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደዚያ መጡ። በአንድ ወቅት ኢትዮጵያዊነቱ የተጠየቀው ሠዓሊ ዛሬ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ቤት መጠሪያ ሆኗል።

ከሕይወቱ የምንማረው

ወንጌላዊው ማርቆስ ጌታ ኢየሱስ ባለ ለምጹን ከመፈወሱ አስቀድሞ እጁን ዘርግቶ እንደዳሰሰው ጽፎልናል። በአጠገባችን በቆዳው፣ በቋንቋው ወይም በትውልዱ ምክንያት የሚገፋ ሰው ሲኖር ይህን ልናስታውስ ይገባናል። ገብረ ክርስቶስ ፈውስ አላገኘም፤ ግን የተገፋበትን ነገር ወደ ማየትና ወደ መፍጠር ለወጠው።

ወደ ክልላችን ስንመለስ ደግሞ አንድ ሥጋት እናያለን። በአሶሳና በሌሎች ከተሞቻችን የሣር ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃና የቀርከሃ ግድግዳ በብሎኬት እየተተካ ነው። ባለፉት ዓመታት በደረሰው ግጭትም ብዙ ቤተሰብ ጎተራውንና ግድግዳውን ትቶ ተፈናቅሏል። ቆርቆሮ ዝናብ ያስጥላል፤ ብሎኬትም ምስጥ አይበላውም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እናት በጣቷ ትጽፍበት የነበረው እርጥብ ጭቃ ሲቀር ምልክቷ የት ይሄዳል? በማሰሮዋ ምትክ የላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ የወገኗ መስመር በምን ላይ ይቀራል?

የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ አንድ አቅጣጫ ያሳየናል። እርሱ ከአባቱ ብራና ወደ ዘይት ቀለም፣ ከሐረር ግድግዳ ወደ ኮሎኝ ሸራ ሲሻገር ማንነቱን አልጣለም፤ ይዞት ተሻገረ። የእኛም ልጆች የእናቶቻቸውን ምልክት በብሎኬቱ ግድግዳ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ፣ በአዲሱ የቤት በር ላይ ሊሥሉት ይችላሉ። በከሰል ግድግዳ የሚሞነጫጭር ልጅ ቢያጋጥመን ከመቆጣታችን አስቀድሞ የሣለውን እንየው። ከዚያም እናቱን ጠርተን ያ ምልክት ምን እንደሆነ እንድታስተምረው እንለምናት፤ ነገ ከነገ ወዲያ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ላይገኝ ይችላልና።